አሳዳጊ የበደለው

ዘበኛው ልጁን በጆሮው ይዞ ቢሮዬ ሲገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። በሌላ እጁ ቡችላ አቅፏል። ቡችላውን የወለደችው የዘበኛው ውሻ ናት። አራቱም እግሮቹ በሲባጎ ተጠፍረዋል። አንዱ የኋላ እግሩ አብጧል።

«መምህር፣ ይችን ጉድ ይዩልኝ» አለ። «ከሽንት ቤቱ ጀርባ አስሮ በአርጩሜ ሲገርፈው ደረስኩበት። ደግሞ ‹ዳግመኛ ትሸናለህ? ዳግመኛ ትሸናለህ?› ይለዋል። ውሻ ምን ያውቃል!»

ጥቅምት 2007 ዓ.ም. ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሠራ ነበር። የከተማዋንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም። ሳይኮሎጂ ተምሬ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምክር አገልግሎት ቢሮ የተባለችው ክፍሌ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫም ነበረች።

ልጁ አራተኛ ክፍል ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ ለዕድሜው ግን ቀጭን ነው። አላለቀሰም። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች የሽንት ሽታ ወዲያው አፍንጫዬን ነካው።

ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለብኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ይኸው ልጅ እዚያው ሽንት ቤት ጀርባ እሳት ሲያነድ ተይዞ ዳይሬክተሩ አንበርክኮት ነበር። እሳት መጫር። እንስሳ ማሠቃየት። ተኝቶ መሽናት። ሦስቱም ሞሉ አልኩ በልቤ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጆን ማክዶናልድ የሚባል፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ይሠራ የነበረ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ ጥናት አሳተመ። እነዚህን ሦስት ነገሮች በልጅነት አብረው ማየት ለከባድ ጭካኔ ምልክት ሊሆን ይችላል አለ። ነገሩ ከዚያ በኋላ «የማክዶናልድ ሦስቱ ምልክቶች» ተብሎ በየመጽሐፉና በየዶክመንተሪው ተሠራጨ።

እኔም በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ስለ ሲሪያል ኪለሮች፣ ማለትም በተለያየ ጊዜ ሰው እየደጋገሙ ስለሚገድሉ ሰዎች፣ የማላነበው አልነበረም። አሜሪካዊው ኤድመንድ ኬምፐር ልጅ ሳለ የቤታቸውን ድመቶች ገድሏል። በዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ አያቶቹን በጥይት ገደለ። ከሆስፒታል ሲለቀቅ ስድስት ወጣት ሴቶችን ገደለ፤ መጨረሻ ላይ እናቱንና የእናቱን ጓደኛ። ጄፍሪ ዳመር የሞቱ እንስሳት አጥንት የሚሰበስብ ልጅ ነበር፤ አድጎ 17 ሰው ገደለ። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ። ከፊቴ የቆመውን ልጅ ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁትም። ሂድ አልኩት።

አርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። የምናገረው ነገር ስላለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ሳልሸሽግ መጻፍ አለብኝ። ስለ ኬምፐር አወራሁ። ስለ ዳመር አወራሁ። «ይህ ልጅ ዛሬ ካልተያዘ ነገ ሰው ይገድላል» አልኩ። ዳይሬክተሩ ደነገጠ። ጸሐፊው ያልኩትን ቃል በቃል ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው። ልጁ ወላጅ እስኪያመጣ ከክፍል ይታገድ ተባለ። እኔም ፈረምኩ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጆቹ «ነፍሰ ገዳዩ ተባረረ» ሲሉ ሰማሁ። ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ልጁ ወላጅ አላመጣም። እሱም አልመጣም።

አንደኛ ክፍል የሚያስተምሩ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ረቡዕ ቡና ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ያን ዕለት እሳት ያነደደው ለምን እንደሆነ ጠየቅኸው?»

«አልጠየቅሁትም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ነጠላውን አገልድሞ ሱሪውን እሳት ላይ ያደርቅ ነበር። ጠዋት ነው፤ የጥቅምትን ብርድ ታውቀዋለህ። ለዳይሬክተሩም ነግሬዋለሁ። ቢሆንም እሳት እሳት ነው አለኝ።» ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማን ዘንድ እንደሚያድርስ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። የኬምፐር እናት ልጇን ምድር ቤት ታስተኛው እንደነበር አውቃለሁ። የዚህ ልጅ እናት በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ አጎቱ ከቤት አይኖርም ብለው እትዬ ይዘውኝ ሄዱ። በመንገድ ላይ የሚያውቁትን ነገሩኝ። እናቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቱ ወደ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ አልተመለሰም። አጎቱ ከገጠር ያመጣው እያስተማርሁት ይታዘዘኛል ብሎ ነው።

ልጁን በረት ሲጠርግ አገኘነው። እበት እየዛቀ ስለነበር እጅጌውን ሰብስቧል። አንጓዎቹን አየኋቸው። ሁለቱም ላይ ዙሪያውን የሄደ ጠባሳ አለ። የቆየው ነጥቷል። አዲሱ ገና ቅርፊቱን አልጣለም። ጎጃም ያደገ ሰው የጠፍር ጠባሳ አይጠፋውም። ጠፍር የበሬ ቆዳ ነው፤ ርጥቡን ካሰሩት ሲደርቅ እየጠበቀ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

እትዬ ጎንበስ ብለው አብረውት እበቱን መዛቅ ጀመሩ። ምንም አልጠየቁትም። ትንሽ ቆይቶ እሱ ራሱ መናገር ጀመረ። ማታ ማታ ከምሰሶው ጋር ይታሰራል። ሌሊት ወጥቶ እንዳይሄድ ነው ይላል አጎቱ፤ አንድ ጊዜ ወደ እናቱ አገር ሊጠፋ ሲል ተይዟል። የታሰረ ልጅ ለሽንት በምን ይወጣል? ጠዋት መደቡ ረጥቦ ሲገኝ ይገረፋል።

«ሲገርፍህ ምን ይልሃል?» አልኩት።

ቀና ሳይል መለሰ። «ዳግመኛ ትሸናለህ? ይለኛል።»

ቡችላው ያን ቀን ደብተሩ ላይ ሸንቶበት ነበር።

እግሬ ከዳኝና በረቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ቁልፉን በመጀመሪያው ደቂቃ በእጄ ሰጥቶኝ ነበር። ሦስት ምልክት ብዬ የቆጠርኩት ሁሉ የአንዲት ጠፍር ሥራ ነው። በጠፍሩ ምክንያት ይሸናል። ስለሸና እሳት ያነዳል፣ ልጆች እንዳይስቁበት። ቡችላውን ያሰረውም የሚያውቀውን ቅጣት ሲቀጣ ነው፤ እስከ ቃሉ ድረስ።

ያን ሌሊት ማክዶናልድን እንደገና አነበብኩት፤ አሁን ግን ዶክመንተሪ እንደሚያወራው ሳይሆን ራሱ እንደጻፈው። ያጠናቸው 100 ሕሙማን ናቸው። እንገድላለን ብለው የዛቱ እንጂ የገደሉ አይደሉም። ማክዶናልድ ራሱ ቆየት ብሎ ነገሩን በቁጥር ሊያረጋግጥ ሞክሮ ሦስቱ ምልክቶች ገዳይን ለይተው እንደሚያሳዩ ማስረጃ አላገኘም። ብዙ ባለሙያዎች ዛሬ ምልክቶቹን የሚያዩዋቸው ልጁ ነገ የሚያደርገውን እንደሚናገሩ አድርገው አይደለም። ዛሬ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እየደረሰበት ሊሆን ይችላል ብለው ነው። እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ማንም ሳይነካቸው፣ እንቅልፋቸው ስለሚከብድ ወይም በዘር ብቻ የሚሸኑ ልጆች ሞልተዋል።

እሳቱ ደግሞ አለ። እኛ አገር እረኛ ሆኖ እሸት ሳይጠብስ ያደገ ማን አለ? እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ፍም ስነካካ እናቴ «ተው፣ ማታ ትሸናለህ» ትለኝ ነበር። ኮሎራዶ ሆስፒታል ውስጥ የተቆጠረ ምልክት ጮቄ ሥር ያለ ልጅ ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚያመጣ ያኔ ገባኝ።

እርግጥ ነው፣ ስለ ገዳዮቹ የተጻፈው ሁሉ ውሸት አይደለም። የኤፍ.ቢ.አይ.፣ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ሰዎች እስር ቤት ገብተው 36 ገዳዮችን ሲያነጋግሩ ከብዙዎቹ የሰሙት የልጅነት ታሪክ ዱላና ንቀት የሞላበት ነው። ሰባት ወንዶች የገደለችውን ኤይሊን ዎርኖስን እናቷ አራት ዓመት ሳይሞላት ጥላት ሄዳለች፤ አባቷ እስር ቤት ራሱን ሰቅሏል። ሌላው ገዳይ ቴድ ባንዲ እናቱን እህቴ ናት ብሎ እንዳደገ ይነገራል። ዳመርን ግን ቤተሰቦቹ ይደበድቡት ነበር የሚል ነገር አይገኝም። ስለዚህ ልጅነት ብቻውን ሁሉን አይፈታም። ከአንጎል፣ ከተፈጥሮ ጠባይ፣ ማንም ሳያይ ውስጥ ውስጡን ለዓመታት ከሚብላላ ሐሳብ ጋር የተጠላለፈ ነው።

እኔን ያሳሳተኝ ግን ሌላ ነው። ገዳዮችን ሰብስበህ ወደ ኋላ ስታይ በየልጅነታቸው በደል ታገኛለህ። የተበደሉ ልጆችን ይዘህ ወደ ፊት ስትከተልስ? ካቲ ዊዶም የምትባል ተመራማሪ ይህንኑ አደረገች። መበደላቸው በፍርድ ቤት የተረጋገጠ 908 ልጆች አድገው ምን እንደሆኑ አጣርታ እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣች። በወንጀል የተያዙት ካልተበደሉት ይበዛሉ። በኃይል ወንጀል ያልተያዙት ግን እጅግ ብዙዎቹ ናቸው። በሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ ደግሞ ኤሚ ቨርነር እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስኪጎለምሱ ተከታትላለች። በችግርና በጠብ ውስጥ ካደጉት ከሦስት አንዱ ደህና፣ ለሌላ የሚያዝን ሰው ሆነ። ብዙዎቹ የሚያመሳስላቸው ነገር ነበር፦ አንድ የማይለወጥባቸው ትልቅ ሰው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ።

አስተማሪ የሚለው ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት።

እኛ «አሳዳጊ የበደለው» የሚል ስድብ አለን። ሕይወቴን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ራሴም ተሳድቤበታለሁ። ቃሉን ያ ሰሞን ነው የሰማሁት። የበደለው አሳዳጊው ነው ይላል። ይህን እያልን ድንጋዩን የምንወረውረው ግን ወደ ልጁ ነው።

ጉዳዩን ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመለከትን። እትዬ በዚያ ብቻ አልረኩም፤ የአጎትየውን የንስሐ አባት ይዘው ቤቱ ገቡ። እኔም ነበርኩ። ጭራቅ የመሰለ ሰው ነበር የጠበቅሁት። ሰውየው ደንግጦ፣ ለቄሱ ወንበር እየጠረገ፣ ጠላ እንዲቀዳ ያዛል።

«አባ፣ እኔን አባቴ በዚሁ ጠፍር ነው ያሳደገኝ» አለ። «ምን ሆንኩ?»

ይህን ሲል በቀኝ እጁ የግራ እጁን አንጓ ያሽ ነበር። የሚያደርገውን የሚያውቅ አይመስልም። ቄሱም አይተውታል። ረዥም ጊዜ ዝም አሉና «ጠፍሩን ስጠኝ» አሉት። አውርዶ ሰጣቸው። ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ይዘውት ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ ወደምትኖር የእናቱ እህት ተዛወረ። ትምህርቱን እዚያው ቀጠለ።

እኔ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቼ ቃለ ጉባኤው ይሠረዝልኝ አልኩ። ቃለ ጉባኤ አይሠረዝም አለኝ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ኮሚቴው እንደገና እንዲሰበሰብ ጠየቅሁ። ያልኩት ስሕተት እንደነበር፣ ልጁን ሳላነጋግር እንደፈረድኩበት በአዲስ ገጽ ላይ ተጻፈ። አንደኛው ገጽ ግን አሁንም አለ። መዝገቡን የሚገልጥ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሚያዝያ ላይ ልጠይቀው ወደ አክስቱ ቤት ሄድኩ። አጥሩ ላይ አጎዛ ተሰጥቷል።

«አሁንም ያመልጠዋል?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አልፎ አልፎ። ቀንሷል» አለች። «ሲያመልጠው ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ሌላ ምን አደርገዋለሁ፣ መምህር?»

ልጁ ጥጆች ይዞ መጣ። ጨበጠኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ቃል ስመርጥ ነበር። ጠየቅሁት። ምን እንደምለው የገባው አልመሰለኝም፤ ወይም ሊሰማው አልፈለገም። ጥጆቹን አስገብቶ ሲመለስ እሱ ጠየቀኝ።

«እግሩ ዳነ?»

«ዳነ» አልኩት። «ዘበኛው እያሳደገው ነው።»

«ያነክሳል?»

«ትንሽ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አክስቱ ውኃ ቅዳልኝ ስትለው ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ምንጩ ወረደ።