ጋሻ እሳተ ገሞራ፦ ከጫፉ ይልቅ ጎኑን ተመልከቱ

ጉብታውን ወደ ላይ አድርጎ መሬት ላይ የተቀመጠ ጋሻ አስቡ። ሐዋይ ደሴት ላይ ያሉት ማውና ሎዋና ኪላዌያ የተባሉ እሳተ ገሞራዎች ቅርጻቸው ይኸው ነው። ማውና ሎዋ ከባሕር ጠለል በላይ 4,169 ሜትር ቢደርስም ቁልቁለቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ግዙፍነቱ አይታወቅም። ከውቅያኖሱ ወለል ሲለካ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም ከሥሩ ያለውን የባሕር ወለል ቁልቁል አጉብጦታል።

ይህን ቅርጽ የሰጠው የላቫው ቅጥነት ነው። ላቫው ባዛልት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ላቫን የሚያወፍረው ሲሊካ የተባለ ንጥረ ነገር ከባዛልት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሲወጣም ሙቀቱ 1,150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ገንፎ አይቆለልም፤ ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ቀጭን ሊጥ ይዘረጋል። ጋዙም በቀላሉ ስለሚያመልጥ ተራራው አብዛኛውን ጊዜ ከመፈንዳት ይልቅ ይፈስሳል።

ብዙ ሰው እሳቱን ከጫፉ ይጠብቃል። እኔ ግን ጋሻ እሳተ ገሞራን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የስንጥቅ መስመሮቹን፣ ማለትም ላቫ በጎኑ የሚወጣባቸውን ረጃጅም ስንጥቆች፣ እንዲያይ እመክራለሁ። ኪላዌያ ሁለት አሉት፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል። ጎኑ የሚሰነጠቀው ድጋፍ በማጣት ነው። በሰሜን ማውና ሎዋ ደግፎ ይዞታል፤ በደቡብ ግን ባዶ ውቅያኖስ ነው። ማግማው (ገና ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ ዐለት) በስንጥቁ እየገባ እንደ ሽብልቅ ሲጨምቅ፣ የደቡቡ ጎን በሥሩ ባለው የባሕር ደለል ላይ በየዓመቱ በሴንቲሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል። አንዳንዴም በአንድ ጊዜ ይነቀላል፦ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1975 መጠኑ 7.7 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥን ተከትሎ የመጣ ሱናሚ ሁለት ሰዎችን ገድሏል።

እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የኪላዌያ ፍንዳታ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አሳይቷል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ፑኡ ኦኦ የተባለው ጉድጓድ ወለሉ ተደረመሰ፤ ማግማው ከመሬት በታች ወደ ምሥራቅ ተጓዘና ግንቦት 3 ቀን ሌይላኒ ኢስቴትስ በተባለ የመኖሪያ ሰፈር መንገድ ሰንጥቆ ወጣ። ከተራራው ጫፍ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መጀመሪያ የወጣው ላቫ ዝልግልግና ዝግተኛ ነበር፤ ከ1955ቱ (እ.ኤ.አ.) ፍንዳታ ጀምሮ ከመሬት በታች ተኝቶ የቀዘቀዘ ማግማ ስለነበረበት ነው። ነገሩ በዚሁ ያበቃል ብሎ የገመተ ሰው ተሳስቷል፤ አሮጌው ሲያልቅ ከኋላው የነበረው ትኩስና ቀጭን ላቫ መጣ። 24 ስንጥቆች ተከፈቱ፤ ስምንተኛው ብቻውን እንደ ወንዝ ሆኖ እስከ ባሕር ወረደ። ከ700 በላይ ሕንጻዎች ጠፉ። ጫፉ ደግሞ ከሥሩ የነበረው ማግማ ሲጎድልበት ደረጃ በደረጃ ተደረመሰ፤ የካልዴራው (በጫፉ ላይ ያለው ሰፊ ጎድጓዳ) ወለል በአንዳንድ ቦታ 500 ሜትር ያህል ወረደ።

በእኛም ኤርታሌ፣ ባሕር ላይ ባይሆንም ጋሻ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2017 ከጫፉ የላቫ ሐይቅ ራቅ ብሎ በደቡብ ምሥራቅ ጎኑ ስንጥቅ ሲከፈት የሐይቁ ከፍታ ወርዷል። አሠራሩ ያው ነው።

ስለዚህ ሐዋይ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ከፍታውን ሳይሆን የላቫ አደጋ ካርታውን ይመልከት። ካርታው ደሴቱን ከ1 እስከ 9 ይከፍላል፤ ጫፎቹና የስንጥቅ መስመሮቹ ያሉበት ቀጣና 1 ከሁሉም አደገኛው ሲሆን ሌይላኒም እዚያው ውስጥ ነበር።

ላቫው ላይ የሚራመድ ሰው ሁለቱን ዓይነት ይለይ። ፓሆይሆይ ለስላሳና እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው፤ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ሊሰበር ስለሚችል ቅርፊቱን ማመን አይገባም። አአ የሚባለው ሻካራና ስለታም ስብርባሪ ነው፤ ወፍራም ጫማና ጓንት ካልተደረገ አንድ መውደቅ እጅ ይቆርጣል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ላቫው ባሕር የሚገባበት ዳርቻ ነው። አዲሱ መሬት ጠንካራ ይመስላል፤ የቆመው ግን በውሃ ተሰባብሮ በተከማቸ ልቅ ፍርስራሽ ላይ ስለሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል። የሚነሣው ነጭ ጉም ተራ እንፋሎት አይደለም፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ደቃቅ ብርጭቆ አለበት። ጀልባ ላይ ሆኖ መመልከትም ዋስትና አይሆንም፦ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 2018 ከባሕሩ ሥር የፈነዳ የላቫ ቋጥኝ የጎብኚዎች ጀልባ ጣሪያ በስቶ 23 ሰዎችን አቁስሏል።