ደረሰኝ አለን ያሉት የፎቢንግ ሰዎች

ባለታክሲው በስልክ 10 ፓውንድ ብሎኝ ተስማምተን ነበር። ከለንደን በስተ ምሥራቅ፣ ኤሴክስ አውራጃ ያለችው የፎቢንግ መንደር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስንደርስ 16 ነው አለ። ከስታንፎርድ ለሆፕ ባቡር ጣቢያ እስከዚያ ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጭማሪው የምን እንደሆነ ብጠይቀው የመጠበቂያ ነው ይላል፤ በብርድ ቆሜ የጠበቅሁት ግን እኔ ነበርሁ። ከፈልሁት፤ ደረሰኝ ካልጻፍህልኝ ግን አልወርድም ብዬ ድርቅ አልሁ። ዕድሜዬን በግብር መሥሪያ ቤት የፈጀሁ ሰው ነኝ።

ለንደን የመጣሁት ልጄን ለመጠየቅ ነበር። እሷ ቤተ መንግሥትና ድልድይ ልታሳየኝ ስታስብ፣ እኔ ግብር ሰብሳቢ የተባረረበትን አገር ካላየሁ አልሁ። «አባዬ፣ ጡረታ ወጥተህም ሥራው አልለቀቀህም?» ብላ ሳቀችብኝ።

የእንግሊዝ ገበሬዎች ዐመፅ ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1370ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር የገባችበት ረጅም ጦርነት ካዝናዋን ስላራቆተው በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጣለ። በ1377 ለአንድ ሰው 4 ፔኒ የነበረው በ1380 መጨረሻ 12 ፔኒ ሆነ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ይክፈል፣ ሀብታሙ ድሃውን ይደግፍ ተባለ። ሀብታም በሌለበት መንደር ማን ማንን ይደግፋል? ሕዝቡ ያላገባች እኅቱን፣ ባሏ የሞተባትን እናቱን፣ ልጁን ከቆጠራ ሸሸገ። ከመዝገቡ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግብር ከፋይ ጠፋ። መንግሥትም እንደገና የሚቆጥሩ ሹሞች ላከ።

እንደ ባለሙያ ልፍረድና፣ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ገበሬ ግብሩ ሲከብደው እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል። ከፍሎ ሲያበቃ ሌላ ሹም መጥቶ ጓዳውን ሲቆጥርበት ግን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን እምቢ ያለው ብሩን ብቻ አስቦ አልነበረም፤ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ጠርጥሮ ነው። አጎቴ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ የብሩን መጠን አንድም ቀን ጠቅሶት አያውቅም፤ የሚያነሣው የመለኪያውን ገመድ ነበር።

የፎቢንግ ቤተ ክርስቲያን ከፍታ ላይ ነው። ከታች ረግረጉ፣ ከዚያ ወዲያ የነዳጅ ጋኖች፣ ከዚያም ቴምዝ ወንዝ ይታያል። ውስጥ አበባ የሚያሰናዱ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው ሻይ ቀዱልኝ። የመንደራቸውን ታሪክ የጎረቤት ወሬ ያህል ነው የሚያወሩት፦ ሜይ 30 ቀን 1381 ጆን ባምፕተን የተባለው ሹም ብሬንትውድ ከተማ ተቀምጦ የአካባቢውን ሰዎች አስጠራ። የፎቢንጉ ቶማስ ቤከር ተነሥቶ፣ ከፍለናል፣ ደረሰኝ አለን፣ ከዚህ በላይ አንዲት ፔኒ አንሰጥም አለ። ባምፕተን ያዙት ሲል የመንደሩ ሰዎች ቀስታቸውን አነሡ፤ ሹሙም ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ለንደን ሸሸ። ሴትዮዋ ሥራዬን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝና «ታዲያ እዚህ መንደር ባይናገሩት አይሻልም ነበር?» አሉ። ሲጨርሱ በራሳቸው መኪና ጣቢያ ድረስ ሸኙኝ። ለቤንዚን ልስጥ ብል ተቆጡ።

ብሬንትውድ አደርሁ፤ ባላድር ይሻለኝ ነበር። ከመጠጥ ቤት በላይ ያለች ክፍል በ85 ፓውንድ! እስከ እኩለ ሌሊት ከታች ዘፈን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የበርሜል መንከባለል። መስኮቱ አይዘጋም፤ ማሞቂያው ይንኳኳል እንጂ አይሞቅም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ባምፕተን ካመለጠ በኋላ የሆነውን አነበብሁ። ነገሩን እንዲያጣራ ትልቅ ዳኛ ተላከ፤ እሱንም አስምለው አባረሩት። የባምፕተን ሦስት ጸሐፊዎች ግን ተያዙ፤ አንገታቸው ተቀልቶ ራሳቸው በእንጨት ላይ ዞረ። አለቃው ፈረስ ነበረው፤ ጸሐፊዎቹ የነበራቸው መዝገብ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልቤ ከፎቢንግ ሰዎች ጋር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለየትኛው ወገን እንደማዝን መቁረጥ አቃተኝ። ጠዋት የቀረበልኝ እንቁላል ቀዝቃዛ ነበር።

ካንተርበሪን በዝናብ አይቼ ተመለስሁ። ዝናቡ ከባቡር እስክወርድ ጠብቆ ነው የጀመረው።

ብላክሂዝ በለንደን ደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ ነፋስ የሚጫወትበት ሰፊ ሜዳ ነው። ዐመፁ ከኤሴክስ ወደ ጎረቤቱ ኬንት አውራጃ ተዛምቶ የኬንት ዐመፀኞች በጁን አጋማሽ እዚህ ሲሰፍሩ መሪያቸው ዋት ታይለር ነበር፤ አሁን በስሙ የተሰየመው መንገድ ሜዳውን ያቋርጣል። ቄስ ጆን ቦል «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ባላባቱ ማን ነበር?» ብሎ የሰበከው እዚህ ነው። ሰሚ አላጣም። በ1348 የገባው ወረርሽኝ የአገሩን ሠራተኛ ጨርሶት ጉልበት ሲወደድ፣ የ1351 ሕግ ደመወዙ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ አግዶ ነበር። ገባሩም ገና ከጌታው መሬት ንቅንቅ ማለት አይችልም።

የለንደን ግንብ መግቢያው ከ30 ፓውንድ በላይ ነው። አልገባሁም። ዐመፀኞቹ ለንደን ገብተው ሹማምንቱን የሰየፉበት ኮረብታ ከአጥሩ ውጭ፣ በነጻ ነው፤ ስማቸው በነሐስ ተጽፏል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስና የመንግሥቱ ከፍተኛ ሹም (ቻንስለር) ሳይመን ሰድበሪ 1381፣ የግምጃ ቤቱ ሹም ሮበርት ሄልስ 1381። ቀጥሎ ያለው ሳይመን በርሊ 1388 ይላል። ይህ ሰው ግሬቭዘንድ ላይ አንዱን ነዋሪ ገባሬ ነህ ብሎ አስይዞ፣ ለነጻነቱ 300 ፓውንድ የጠየቀ ነው። የኬንትን ሰው ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ከዐመፁ ቢተርፍም ከሰባት ዓመት በኋላ የንጉሡ ተቃዋሚዎች ሲያይሉ እዚያው ኮረብታ ላይ ተሰየፈ።

ስሚዝፊልድ ስደርስ ርቦኝ ስለነበር አንዲት ደረቅ ሳንድዊች በ9 ፓውንድ በላሁ። ስለ እሷ ይህን ያህል ይበቃል። በዐመፁ ጊዜ እዚህ ከሆነው ነገር አንድ ቀን በፊት፣ ጁን 14፣ የ14 ዓመቱ ንጉሥ ሪቻርድ ለንደን ዳር ማይል ኤንድ ላይ ገባርነት ቀርቷል ብሎ ጸሐፊዎቹ የነጻነት ደብዳቤ ሲያድሉ ውለው ነበር። በማግሥቱ እዚህ ታይለር ከንጉሡ ጋር ተነጋገረ። ሙቀት ነበር፤ አፉን የሚጉመጠመጥበት ውኃ አስመጣ፣ ቀጥሎ ቢራ አስመጥቶ ጠጣ። የንጉሡ ሰዎች ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ጠብ ተነሣ፤ የለንደኑ ከንቲባ ዊሊያም ዎልዎርዝ ወጋው። ወዳጆቹ አጠገቡ ወዳለው ሆስፒታል አስገቡት፤ ከንቲባው ግን ከዚያ አስጎትቶ አስወጥቶ አንገቱን አስቆረጠው። ልጁ ንጉሥ ወደ ሕዝቡ ጋልቦ መሪያችሁ እኔ ነኝ አላቸው፤ አመኑት። ደብዳቤዎቹ ጁላይ ሳይጋመስ ተሻሩ። የኤሴክስ ሰዎች ቃሉን ሊያስታውሱት ቢመጡ «ገባሮች ነበራችሁ፣ ገባሮችም ናችሁ» ብሎ መለሳቸው ይባላል።

ለዐመፀኞቹ በአውሮፓውያኑ 2015 በዚያው ሆስፒታል ግድግዳ ላይ የጥቁር ድንጋይ ጽሑፍ ተደርጎላቸዋል። ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ቡና ይጠጣል። ጥቂት ራመድ ብዬ ሆልበርን ድልድይ ስደርስ ደግሞ ዎልዎርዝ ራሱ፣ በሙሉ ቁመቱ ተቀርጾ አገኘሁት። ለገዳይ ሐውልት፣ ለተገዳይ ጽሑፍ! ተናደድሁ፤ ለልጄ ደውዬም ተናደድሁባት። «ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ?» አለች።

የመጨረሻው ጉዞዬ ማርክስ ቴይ ላይ ባቡር ቀይሬ ወደ ሰድበሪ ከተማ ነበር። የሊቀ ጳጳሱ አካል ካንተርበሪ ካቴድራል ተቀብሯል፤ በጭንቅላቱ ፈንታ የእርሳስ ኳስ ተደርጎለታል። ጭንቅላቱ እዚህ፣ በትውልድ ከተማው በቅዱስ ጎርጎርዮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ካልጠየቁ አያሳዩም። አንድ በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ በር ከፈቱልኝ፤ ጠቆር ያለ የራስ ቅል ተቀምጧል። ሰያፊው አልቆርጥ ብሎት ስምንት ጊዜ መታው ይባላል አሉኝ።

ግብሩ በ1380 ሲታወጅ ቻንስለሩ ይህ ሰው ነበር። ስለ ሦስቱ ጸሐፊዎች ጠየቅኋቸው፤ ራሳቸው የት ደረሰ?

«የጸሐፊ ራስ ማን ያስቀምጣል ጌታዬ?» አሉና በሩን ዘጉ። ከዚያ የመዋጮውን ሣጥን አሳዩኝ። 5 ፓውንድ ከተትሁ፤ ባቡሩ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ተሰናብቻቸው ወደ ጣቢያው ፈጠንሁ።