መጀመሪያ ባልዲው፣ ከዚያ ትሉ

ከማዕድ ቤታችን በር ጀርባ ሦስት ባልዲ አለ። በአረንጓዴው የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ይገባል። በነጩ የእንጀራ ፍርፋሪና የትራፊ ወጥ ለዶሮዎቹ ይጠራቀማል። ክዳን ያለው ጥቁሩ ለምንም የማይሆነው ነው፤ በማኅበር ተደራጅተው ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በሳምንት አንዴ መጥተው ይወስዱታል። ሃይላንድና ጣሳ ደግሞ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ጆንያ ይጠራቀምና ቆራሌው ሲመጣ ይሸጣል፤ ገንዘቡ የትንሹ ልጄ ነው። ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ ልማድ እስኪሆን ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ የምንተዳደርበት የትል ብስባሽ፣ ማለትም ትል የሚበሰብስ ነገር በልቶ የሚያወጣው ማዳበሪያ፣ ሥራም የቆመው በእነዚህ ባልዲዎች ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

የምንኖረው ዓለም ገና ነው፤ ከአየር ጤና በካራ ቆሬ አድርጎ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ የቡታጅራው መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ። ቀደም ሲል ሳሪስ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ጠዋትና ማታ የምሳፈርበት ታክሲ በቀለበት መንገዱ ቆሼን፣ የአዲስ አበባን ትልቁን የቆሻሻ ክምር፣ ያልፍ ነበር። እዚያ ስንደርስ መስኮት ይዘጋል፣ ሰው አፍንጫውን በነጠላው ይይዛል፣ እናልፋለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ የእኛም ቤት የድንች ልጣጭ እዚያ ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ከየቤቱ የምታወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። አየር ሳያገኝ ተከምሮ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል። ያው ልጣጭ አየር እያገኘ፣ በትል ተበልቶ ቢወጣ ግን አፈር ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሁለተኛውን ልጅ ወልጄ ሥራ ካቆምኩ በኋላ፣ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ 1 ኪሎ ቀይ ትል ገዛሁ። ይህ ትል ዝናብ ሲዘንብ ከመሬት ብቅ የሚለው የእርሻ ትል አይደለም። በሳይንስ ስሙ አይዜኒያ ፌቲዳ ይባላል፤ በጥልቀት አይቆፍርም፣ የሚኖረው ላይ ላዩን፣ የበሰበሰ ነገር ውስጥ ነው። ሲመቸው በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል። የሚስማማው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ስለሆነ የእኛ አየር ይመቸዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብቻ ጆንያ ደርበን እናለብሰዋለን። ባለቤቴ ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ሣጥን ሠራልኝ፣ ከታች ቀዳዳ አበጀለት፣ ሥራው ተጀመረ።

አማቴ ያኔ ከእኛ ጋር ነበሩ። ከጉራጌ አገር ናቸው፤ እዚያ በየቤቱ ዙሪያ ያለው እንሰት የሚያድገው የከብቱን ፍግና የቤቱን ጥራጊ በየቀኑ እየተመገበ ነው። የሚበሰብስን ነገር ሳይንቁ ያደጉ ሰው ናቸው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ከስልኬ እንደማውቀው አስቤ ነበር። ከጎረቤት ትኩስ እበት በጋሪ አስመጥቼ ትሎቹ ላይ ደለደልኩ። በማግስቱ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው አወጡና፣

«ልጄ፣ ይሄ እኮ እየፈላ ነው። አንቺ ብትሆኚ ትተኚበታለሽ?» አሉኝ።

«እማዬ፣ ይበርዳል ብዬ ነው» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ከትሉ ግማሽ ያህሉ ሞቶ ነበር። ትኩስ እበትና አረንጓዴ ቅጠል ሲከመር ውስጡ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ትል ከ35 በላይ አይችልም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነገር ወደ ትሉ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ተከምሮ፣ በየሦስት አራት ቀኑ እየተገላበጠ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። እጅ ሲገባበት ቀዝቀዝ ካላለ አይሰጥም። ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ፤ የማምነው ግን አሁንም የአማቴን ክንድ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከሠርግ በኋላ መጣ። ጎረቤታችን ልጃቸውን ድረው የተረፈውን የጠላ አተላ በትልቅ በርሜል ሰጡኝ። ለከብት ከሆነ ለትል እንዴት አይሆንም ብዬ ሁለቱ ሣጥን ላይ ደፋሁት። ማታ መብራት ይዤ ስወጣ ትሎቹ በሣጥኑ ጣውላ ላይ ተንጠላጥለው፣ ገሚሶቹ ወለሉ ላይ ወርደው ለማምለጥ ሲፍጨረጨሩ አገኘኋቸው። አተላው ኮምጣጣ ነው፣ ውኃው ብዙ ነው፣ አየር ያሳጣል። ባለቤቴና እኔ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት በእጃችን ስንለቅም አመሸን። ካርቶን ቀዳደን በደረቁ ደባለቅን፣ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጠን ነሰነስን። እርጥበቱን ከዚያ ወዲህ የምለካው በመጭመቅ ነው፤ በጭብጥ ይዤ ስጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ካወጣ ልኩ ነው፣ ከወረደ በዝቷል።

ስለ ጉንዳኑ ብዙ አልናገርም። አንድ የክረምት ሌሊት መጥቶ አንድ ሣጥን ባዶ አደረገ። አሁን የሣጥኑ እግሮች ሁሉ ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ቆመዋል።

እነዚህ ሁሉ በወራት የሚታረሙ ናቸው። ከሁሉ የከበደኝና ብዙ ያስተማረኝ የጎረቤት ነገር ነው። ትሉ ሲራባ የእኛ ቤት ልጣጭ አልበቃ አለው፤ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን ሁለት ኪሎ ቢያወጣ ነው። ስለዚህ በሰፈራችን 14 ቤት ዞርኩ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ስለ ቆሼ፣ ስለ ሚቴን በዝርዝር አስረዳሁ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ የሚያገለግለውን ከሚጣለው እንዲለይ እንደሚያዝ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሁሉም በትሕትና ሰሙኝ፣ ቡናም አፈሉልኝ። ያደልኳቸው ፌስታል ሲመለስ ግን ውስጡ ምላጭ፣ ዳይፐር፣ የሻምፖ ከረጢትና የተሰበረ ብርጭቆ ነበረበት። አንድ ቀን ብርጭቆው መዳፌን ቆረጠኝና ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። ባለቤቴ «በቃ፣ የራሳችንን ይዘን እንቀመጥ» አለ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሳምንት ያህል እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ነገሩን የቀየሩት መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚሸጡት ጎረቤታችን ናቸው። ፌስታል ስሰጣቸው «ይሄን ውሻ ይቀደዋል፤ ክዳን ያለው ነገር ብትሰጪኝ አተላውን በየቀኑ አስቀምጥልሽ ነበር» አሉኝ። ቀለም ቀቢዎች የሚጥሉትን ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ሰብስበን በሚገባ አጠብንና መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠን። ባልዲው ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ መመለስ እንዳለበት ያስተዋልነው እዚያ ነው። የሞላውን ስንወስድ በቦታው የታጠበና የደረቀ እናስቀምጣለን። ንጹሕ ባልዲ የተቀበለ ሰው ውስጡ ዳይፐር ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ 14ቱም ቤት ላይ።

ንግግሬንም ቀየርኩ። ስለ ምድር መሞቅ መናገሬን ትቼ፣ እርጥቡ ተለይቶ ሲወጣ የቀረው ቆሻሻ እንደማይሸት፣ ዝንብ እንደሚቀንስ፣ በሌሊት ውሻ በራቸው ላይ ፌስታል እንደማይበትን ብቻ ነገርኳቸው። ይህ የእናቶች የዕለት ጭንቀት ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ ያለፍኩት እሱን ነበር። ለእንቁጣጣሽ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ኪሎ የትል ብስባሽና የጎመን ችግኝ እንወስዳለን። አሁን ከ14ቱ 11ዱ ሳይቋረጡ ይሰጡናል። ሦስቱ ተዉት፣ አልጨቀጨቅኳቸውም።

የማንቀበለውም አለ። ሎሚና ብርቱካን፣ ሽንኩርት በብዛት፣ ጨው ወይም ዘይት የነካው፣ ሥጋ። የጫት ገረባ በከተማው ከሞላ ጎደል በነፃ የሚገኝ ነው፤ ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ እንዳለ ስለማውቅ ግን አልነካውም። እንጀራ ደግሞ ትል ዘንድ አይደርስም፤ የተረፈው ድርቆሽ ይሆናል፣ ፍርፋሪው የዶሮ ነው። አማቴ ይህን በሕግ መልክ ነው ያስቀመጡት።

ወደ ሽያጩ ልምጣ። ከ100 ኪሎ ልጣጭና እበት፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይቶና በወንፊት ተነፍቶ፣ 30 ወይም 40 ኪሎ ይገኛል። የመጀመሪያውን ምርት የሸጥኩት የጉልበቴን ዋጋ ሳልቆጥር ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን መሳሳቴ ዛሬም ይቆጨኛል። የጋሪ፣ የጆንያ፣ የውኃና የሰዓቴን ዋጋ አንድ ላይ ስጽፈው በየኪሎው እየከሰርኩ ነበር። ዋጋውን አስተካከልኩ፤ የተወሰኑ ደንበኞች ሄዱ፣ በመንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ግን ቆዩ፣ ምክንያቱም ልዩነቱን በችግኙ ላይ ያዩታል። ሰኔና ሐምሌ አናርፍም። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ክረምት የችግኝ ወቅት ሆኗል፤ በ2015 የሌማት ትሩፋት ሲመጣም በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሰላጣና ቆስጣ የሚተክሉ ሰዎች በዙ። ጥርና የካቲት ግን ገበያው ይተኛል። በደህና ወር የማገኘው የቀድሞ ደመወዜን ሁለት ሦስተኛ ያህላል፤ በመጥፎ ወር የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ አይሸፍንም፣ የባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው የሚይዘን።

ሁለት ቅሬታዎች ብዙ አስተምረውኛል። አንዲት ደንበኛ ሮዝመሪ የተከለችበት ማሰሮ ላይ የቲማቲም ችግኝ በቀለባት፤ ትል የቲማቲምን ዘር አይገድልም፣ የሚገድለው ቀድሞ ክምሩ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ክምሩን አቻኩዬው ነበር። ሌላው ማሰሮውን በሙሉ በትል ብስባሽ ሞልቶ ችግኙ ቀጨጨበት። ልኩ ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ ነው። አሁን ይህ በየከረጢቱ ላይ በእጅ ጽሑፍ አለ፤ የምትጽፈው ትልቋ ልጄ ናት።

እሷን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። አራተኛ ክፍል ሳለች የክፍል ጓደኞቿ በትሉ ሲሰድቧት እያለቀሰች መጣች። አላስገደድናትም፤ ለአንድ ዓመት ያህል ጓሮ አልወጣችም። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ነፍታ በኪሎ ይከፈላታል፤ ጓደኞቿን ቤት ስታመጣ ግን አሁንም በጓሮ በኩል አታሳልፋቸውም። መብቷ ነው።

ውኃ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ስለሚመጣ የጣሪያውን ዝናብ በሮቶ እናጠራቅማለን፤ ጎመን ያጠብንበት ውኃ ወደ ሣጥኑ፣ ሳሙና የነካው ወደ ሽንት ቤት። መብራት ሲጠፋ ከሰል እናነዳለን፤ ይህን አልደብቅም፣ ገና መፍትሔ ያላገኘሁለት ነገር ነው።

ትል ለመግዛት ወደ ቤቴ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከሰበታ፣ አንዳንዶቹ ከጀሞ። ሣጥኑን አሳያቸዋለሁ፣ ትሉን አስነካቸዋለሁ፣ ከዚያ ግን በመጀመሪያው ቀን አልሸጥላቸውም። ሁለት የታጠበ የቀለም ባልዲ በነፃ ሰጥቼ «ለአንድ ወር የቤታችሁን ለዩና ተመለሱ» እላቸዋለሁ። ግማሾቹ አይመለሱም። የተመለሱት አረንጓዴውን ባልዲ ይዘው ይመጣሉ፤ ክዳኑን ከፍቼ እስከ ታች አገላብጬ አያለሁ፣ ፌስታል ከሌለበት ትሉን እመዝናለሁ።