ለመጨረሻው ሴሚስተር ልጆች፣ እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! የእምነታችሁ በዓል ያልሆነ ጓደኞቼም መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ። ዶርም የቀራችሁ ደግሞ አንድ ክፍል ተሰብሰቡ፤ ዛሬ ማንም ብቻውን አይዋል።

የዘንድሮው መልእክቴ ይረዝማል። ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) ነኝና ቻሉኝ። ሰሞኑን የምንለጥፈውን ሳይ ግማሹ «ሳይታወቀን አለቀ» ነው፣ ግማሹ ደግሞ «መቼ በተገላገልኩ»። ሁለቱም ይገባኛል። ግን አላለቀም እኮ! ገና ሳምንታት አሉን።

ይህ ዓመት አማካሪዬን ወስዶብኛል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ታመሙ፣ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። አብሯቸው የሠራ ተማሪ ሁሉ «ፊርማ ስትፈልጉ ብቻ አትምጡ» የሚሏትን ነገር ያስታውሳል። ከልባቸው ነበር የሚሉት። የፕሮፖዛሌን የመጀመሪያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰርዘው ዳር ላይ «ጥያቄሽ የታለ?» ብለው የጻፉበት ወረቀት አሁንም አለኝ። ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰርዘው አልሸኙኝም፤ የምሳ ሰዓታቸው አልፎ፣ ሌላ ተማሪ በር ላይ እየጠበቃቸው፣ ጥያቄዬን እስካገኘው ድረስ አብረውኝ ፈለጉ።

ለዕረፍት ከመውጣታችን በፊት ቢሮአቸው ሄጄ አመሰገንኳቸው። የሚፈረም ነገር አልያዝኩም። ስለዚያ ገጽ ብቻ ነው የሄድኩት። ትንሽ ዝም አሉና የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ፤ ሲያመሰግኗቸው ወሬ መቀየር ልማዳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ያንን ብያቸው በመለያየታችን ዛሬ ድረስ እጽናናለሁ።

ለምን ይህን እንደምነግራችሁ ታውቃላችሁ። እናንተም እንደዚህ ያለ መምህር አላችሁ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉና ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው እንዲገምቱ አድርገው ነበር። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ይሸማቀቃል ብለው ፈሩ። ተቀባዮቹ ግን ከተገመተው በላይ ተደሰቱ፣ የተፈራውን ያህልም አልተሸማቀቁም። ስለዚህ «ምን ይሉኛል» የሚለውን ተዉትና ሂዱ። ቢሮ መግባት ከከበዳችሁ ሁለት መስመር ጻፉ።

ሌላም ጥናት አለ፣ ይሄኛው በቀጥታ ስለ እኛ ነው። ጄሚ ከርትዝ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው። ሊመረቁ ስድስት ሳምንት ገደማ ከቀራቸው ተማሪዎች ግማሾቹ ምረቃው ደረሰ ብለው እንዲያስቡ፣ ግማሾቹ ገና ብዙ ጊዜ አለን ብለው እንዲያስቡ አደረገች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደስታቸው የጨመረው ጊዜው አጭር ነው ያሉት ናቸው። በግቢው እንቅስቃሴም የበለጠ ተሳትፈው ነበር። እኔ ማለቁን ማሰብ የሚያስከፋ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ግን ወደ ክፍል ስሄድ ዙሪያዬን አያለሁ፣ የማልቀርበውን የክፍል ልጅ ሰላም እላለሁ።

የወረቀቱንም ነገር አደራ። ሪኮመንዴሽን የምትፈልጉ አሁኑኑ ጠይቁ፣ መምህሩ ፊታችሁንና ሥራችሁን ሳይረሳ። የትኛውን ኮርስ እንዳስተማራችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ለመቼ እንደሚያስፈልጋችሁ ጻፉለት፤ ባዶ ጥያቄ ባዶ ደብዳቤ ነው የሚያመጣው። ሬጅስትራር ሄዳችሁ ያልገባ ግሬድ ወይም የቀረ ኮርስ እንዳለ አረጋግጡ፣ ዲግሪው ላይ የሚታተመውን የስማችሁን ፊደልም እዩ። የግቢው ኢሜይል ከምረቃ በኋላ ሊዘጋባችሁ ይችላል፣ ፋይሎቻችሁን አውጡ። በላይብረሪው በኩል በነፃ የምታነቡት ጆርናልም እንደዚያው ነው።

አሁን ምስጋናዬ። አማካሪዬ ካረፉ በኋላ ማንም ሳይለምናቸው የተቀበሉኝ መምህር፣ መጀመሪያ ያደረጉት የሟቹን አስተያየቶች አንድ በአንድ ማንበብ ነበር። «የሳቸውን መንገድ አንለውጥም» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መቼም አልረሳዎትም። ላይብረሪ ማታ ማታ የምትሠሪው እህቴ፣ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ «ጨርሺ፣ ሌሎቹን መብራቶች ላጥፋ» እያልሽ የሰጠሽኝ ደቂቃዎች ምዕራፍ ሦስትን ጽፈዋል። እማ፣ ስደውል ድምፄን ሰምተሽ ብቻ እንዳለቀስኩ የምታውቂው፣ በዓሉን አብሬሽ ባለመዋሌ ቅር አይበልሽ፣ ጽሑፉ ሊያልቅ ነው።

የመምህሬ ቤተሰቦች፣ ይህ በዓል ያለ እሳቸው የመጀመሪያችሁ ነው። መጽናናቱን ይስጣችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ በእሳቸው ይጀምራል፣ ሲጠረዝ አንዱን ኮፒ ራሴ ቤት አመጣላችኋለሁ።

አንቺ የዶርሜ ልጅ ደግሞ፣ ከበዓል በኋላ ዲፌንስሽ ነው። ስላይዶችሽን ዛሬ አትንኪ፣ ዛሬ ዕረፊ። ነገ ማታ እኔ ፈታኝ ሆኜ እጠይቅሻለሁ። በዕለቱም ፊት ወንበር ላይ ነኝ።