ዳማ የት ይውጣ?

መስከረም ላይ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከነበረው አፓርታማችን ወደ አዲስ ቤት በተዛወርን በአራተኛው ቀን፣ ዳማ ከሚጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን ወጥቶ የመታጠቢያ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ሸና። ዳማ የስድስት ዓመት ወንድ ድመት ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከቀለሙ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጎ ስለማያውቅ፣ መጀመሪያ የመሰለኝ በመዛወራችን ተቀይሞ ቂሙን እየተወጣብን ነበር። ተሳስቼ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ሽንቱን መርምራ ኢንፌክሽን እንደሌለው፣ የሽንት ፊኛው ግን እንደተቆጣ ነገረችኝ። ይህ በሽታ ቁርጥ ያለ መንስኤ ባይገኝለትም ከጭንቀት ጋር በእጅጉ የተያያዘ እንደሆነና በቤት ውስጥ በሚኖሩ ድመቶች ላይ በብዛት እንደሚታይም አስረዳችኝ። ወንድ ድመት ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉልኝ፦ የወንዱ የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ ሊደፈን ይችላል። እየደጋገመ ወደ አሸዋው ሄዶ ሽንት ጠብ የማይልለት ከሆነ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

የዳማ ሕመም እዚያ ደረጃ ስላልደረሰ፣ ሐኪሟ ብዙ ውኃ እንዲያገኝ እርጥብ ምግብ አዘዘችለትና ጭንቀቱን የሚቀንስ ነገር እንድፈልግ መከረችኝ። ለድመት ጭንቀት የሚሸጠው ነገር ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ የገዛሁት ከግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ የፌሮሞን፣ ማለትም እንስሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ጠረን፣ በታኝ ነበር። ድመት ጉንጩን ከበር ጠርዝ፣ ከወንበር እግር ወይም ከሰው ቁርጭምጭሚት ጋር ሲያሻሽ፣ «ይህ የማውቀው ነው» እንደማለት ያለ ምልክት በጠረን ይተዋል። ፓትሪክ ፓዣ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም ይህን የፊት ጠረን አጥንቶ ከክፍሎቹ አንዱ በሰው ሠራሽ መንገድ እንዲዘጋጅ መንገድ ከፈተ፤ ዛሬ ፌሊዌይ በሚል ስም የሚሸጠው ከዚያ ሥራ የተገኘ ነው። ለሰው አይሸትም፤ አንዱ ጠርሙስ ወደ 30 ቀን ያህል ይቆያል። እኔ መጀመሪያ ከሶፋው ኋላ ሰክቼው ስለነበር ሽታው እዚያው ታፍኖ ሰንብቷል። ሊሰካ የሚገባው ድመቱ በሚውልበት ክፍል ውስጥ፣ መጋረጃም ሆነ ዕቃ በማይሸፍነው ሶኬት ላይ ነው። ድመት በሚጓጓዝበት መያዣ ሳጥን ውስጥ የሚረጨውም ዓይነት ቢሆን፣ ድመቱ ከመግባቱ በፊት አልኮሉ እስኪተን 15 ደቂቃ ያህል ሊጠበቅለት ይገባል። ማስረጃውን በተመለከተ ግን ከማሸጊያው ላይ ያለውን ተስፋ ሁሉ አልቀበልም፤ በ2010 ጥናቶቹን ሰብስቦ የመረመረ አንድ የግምገማ ጽሑፍ ለአብዛኞቹ አጠቃቀሞች በቂ ማስረጃ አላገኘም። ጉዳት ስለሌለው ሞከርሁት፤ በዚህ ውሳኔዬም አልጸጸትም።

ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ፣ ዚልኪን የሚባል እንክብልም አለ፤ ተከፍቶ ዱቄቱ ከምግብ ጋር ይደባለቃል፤ ዳማም ሳያንገራግር በልቶታል። ሽታው ድመትን የሚያስፈነጥዘውን ካትኒፕ የተባለ ተክል ግን ማስታገሻ ብሎ መሸጥ ተገቢ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ከድመቶች ሦስተኛው እጅ ያህሉ ጭራሽ አይሰማቸውም፤ የሚሰማቸውም ለአሥር ደቂቃ ያህል ይፈነጥዛሉ እንጂ አይረጋጉም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ናት። በላይዋ የተኛ ድመት ሥዕል ነበረባት፤ ከጀርባዋ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ግን ውስጧ ያለው የላቬንደርና የናና ዘይት መሆኑን አየሁ። የድመት ጉበት እንዲህ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ከሰውነት ለማስወገድ የሚያስፈልገው የኢንዛይም ሥራ ደካማ ነው፤ ፓራሲታሞል ድመትን የሚገድለውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። ተጨምቀው የሚወጡ የመዓዛ ዘይቶች፣ በተለይም ቲ ትሪ የተባለው ዛፍ፣ የባሕር ዛፍና የናና ዘይት፣ ፀጉሩ ላይ አርፈው ሲልሳቸው ይመርዙታል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ስለ ድመት ጉበት የሚናገረው ነገር የለም። ጠርሙሷን ሳልከፍት መለስኋት።

በጥቅምት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። በመጣች በማግስቱ ቡና አፈላች፤ ዕጣኑ ሲጤስና ጎረቤት ሲሰበሰብ ዳማ ከማቀዝቀዣው ኋላ ተወትፎ እስከ ማታ አልወጣም። ጢስ ለድመት ሳንባ እንደማይስማማ ስነግራት ዕጣኑን ወደ በረንዳው አወጣችው። ከዚያም ከማቀዝቀዣው ሥር አጎንብሳ እያየችው እንዲህ አለች፦ «እኛ ቤት እንግዳ ሲበዛ ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጥታ ሰው ሲበተን ነበር የምትወርደው። ይሄ ምስኪን የት ይውጣ?»

ስንት ሳምንት ያላየሁትን አየችው። የልጅነታችን ድመት አይጥ እንድትይዝ እንጂ ማንም ሊያባብላት የመጣች አልነበረችም፤ ነገር ግን ጣሪያ ነበራት፤ አጥር ነበራት፤ ሲከፋት የምትሄድበት ነበራት። ዳማን ከሁሉ አግደን፣ በሩን ዘግተን፣ ለጭንቀቱ ከሱቅ ማስታገሻ ገዛንለት። በ2014 በኔዘርላንድስ፣ ወደ መጠለያ አዲስ የገቡ ድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ መደበቂያ ካርቶን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ እንደተረጋጉ አሳይቷል። ካርቶን ደግሞ ዕቃ ያጓዝንበት ሞልቶን ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለቱን አልጋችን ሥር አደረግን፤ ሳሎን ውስጥ ከቁም ሳጥኑ አናት የሚያደርስ መደርደሪያ መታንለት፤ ሁለተኛ የአሸዋ ሳጥን ጸጥ ባለው ክፍል ጨመርን፤ እንግዶቻችንንም እሱ ራሱ እስኪመጣ እንዳይነኩት ለመንን።

ወደ ሐኪም የሚደረገው ጉዞ ብቻ አሁንም ይከብደዋል። ለዚያ ሐኪሟ ያዘዘችውን ጋባፔንቲን የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒት ከመነሳታችን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አስቀድሜ እሰጠዋለሁ፤ መጠኑን እሷ በክብደቱ ስለምትወስን ከሰው መድኃኒት ቀንሶ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። በኅዳር 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለጉዞና ለሐኪም ቤት ፍርሃት የሚሆን፣ ለድመት ብቻ የተዘጋጀ ፈሳሽ መድኃኒት ፈቅዷል፤ በሚቀጥለው ቀጠሯችን ስለ እሱ እጠይቃታለሁ።

ዳማ ከሳጥኑ ውጭ ሳይሸና ስድስት ሳምንት አልፎታል። የበታኙ ሁለተኛ ጠርሙስ በዚህ ሳምንት አለቀ። ለአንድ ወር ሌላ ሳልተካ፣ ካርቶኖቹንና መደርደሪያውን ግን ሳልነካ እቆያለሁ፤ የረዳው የትኛው እንደሆነ ከእሱው ልይ።