«ከታረቁማ ምን ልይ ብዬ እሄዳለሁ?»

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ፊልም በምናቀናብርበት ጊዜ፣ በእናትና በልጅ ቂም ላይ የተመሠረተ የአንድ ድራማ ትሬለር እንድሠራ ታዘዝኩ። ትሬለር በእንግሊዝኛ ተከትሎ የሚጎተት ማለት ነው፤ ጥንት ይህ አጭር የፊልም ማስታወቂያ ከፊልሙ በኋላ ይታይ ስለነበር የወጣለት ስም ነው። እኔም ፊልሙን ለወራት ስቆርጥና ስቀጥል ስለከረምኩ፣ እንደ ስሙ ተጎታች ሥራ አድርጌ ቆጠርኩት።

የድራማ ትሬለር አካሄድ በአብዛኛው የታወቀ ነው። የአዘጋጁ ድርጅት አርማ ይታያል፤ ሰዎቹ በሰላም ሲኖሩ ቆይተው ሰላማቸውን የሚያናጋ አንድ ነገር ይነገራል፤ በቀስታ የጀመረው ሙዚቃ እየከበደ፣ ምስሎቹም እያጠሩ ይሄዱና ድንገት ሁሉም ጸጥ ብሎ፣ በጨለመው ማያ ላይ አንድ ንግግር ብቻ ይሰማል። ርዕሱና «በቅርብ ቀን» የሚለው ጽሑፍ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። (በድሮን የተነሣ የኮንዶሚኒየም ምስል ካልገባበት ትሬለር አይመስላቸውም የሚባሉ ዳይሬክተሮች አሉ፤ የእኛውም ከእነርሱ አንዱ ነበር።) ከአንዱ ትዕይንት የተወሰደን ንግግር በሌላው ምስል ላይ ማሳረፍም የተለመደ ነው፤ ያለዚህ ዘዴ ረጅም ታሪክን በሁለት ደቂቃ መጠቆም ያስቸግራል።

እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ዘዴ ነው። እናትየው በፊልሙ መጀመሪያ ላይ አጥሯን ላፈረሰባት ጎረቤት «ይቅር ብዬሃለሁ» ትላለች። ድምፅዋ ስላማረኝ ንግግሩን አንሥቼ፣ የልጇ ፊት ታይቶ ከጠፋ በኋላ በሚመጣው ጸጥታ ውስጥ አስገባሁት። በፊልሙ ግን ልጇን ይቅር ትበለው አትበለው እስከ መጨረሻው ትዕይንት አይታወቅም፤ ተመልካቹን ወንበር ላይ የሚያቆየውም ይህ ጥያቄ ብቻ ነው። የእኔ ጆሮ ንግግሩ ለጎረቤትየው መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ምንም አልጎረበጠኝም፤ ዳይሬክተሩም ሰምቶ አጨበጨበ።

በማግስቱ ከደረጃው ሥር ቡና የሚያፈሉልን እናት ስኒ ሊሰበስቡ ሲገቡ ትሬለሩን አሳየኋቸው። «ተመስገን፣ እንኳን ታረቁ» አሉ። ፊልሙ ሲወጣ እንደምጋብዛቸው ስነግራቸው ደግሞ፣ «ከታረቁማ ምን ልይ ብዬ እሄዳለሁ፣ ልጄ?» ብለውኝ ስኒያቸውን ይዘው ወጡ።

ያን ቀን መብራት ሄዶ ስለነበር ሥራውን የቀጠልኩት ማታ ነው። ንግግሩን አወጣሁትና፣ ልጁ «እማዬ» ብሎ ሲጠራትና እርሷ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ማያውን አጨለምኩት። የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ትሬለር ከ2 ደቂቃ እንዳይበልጥ መመሪያ ማውጣቱን አንብቤ ስለነበር፣ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ የነበረውን ወደ 1 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ አወረድኩት። ዳይሬክተሩ በንግግሩ መውጣት ብዙም አልተከራከረኝም፤ የድሮኑን ምስል መቁረጤን ግን ዛሬም በተገናኘን ቁጥር ያነሣብኛል።