የድሮ ጋዜጣና የድሮ ካርታ ጎን ለጎን ሲነበቡ

የአንድን ሰፈር ታሪክ መፈለግ ስጀምር ልማዴ የመንገዱን ስም በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ጽፌ የሚወጣውን መጠበቅ ነበር። ምንም ካልወጣ ስለ ቦታው አልተጻፈም ብዬ ወደ ሌላ ጉዳይ አልፋለሁ። ይህ አካሄድ ስሕተት መሆኑን ያሳየኝ ካርታ ነው።

በአንድ የአሜሪካ ከተማ መንገድ ዳር ስለነበረ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ እያጠናሁ ነበር። የተጠቀምኩባቸው ካርታዎች እ.ኤ.አ. በ1867 ሥራ የጀመረው የሳንቦርን ኩባንያ ለእሳት መድን ሰጪዎች ያዘጋጃቸው ሲሆኑ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል ቅጂ ለሕዝብ በነጻ ከፍቷቸዋል። በብዙዎቹ ላይ አንድ ኢንች ሃምሳ ጫማ ስለሚወክል እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ይታያል፤ ቢጫ ቀለም እንጨትን፣ ሮዝ ጡብን፣ ሰማያዊ ደግሞ ድንጋይን ያመለክታል። እኔ የምፈልገው ሕንጻ በመጀመሪያው ካርታ ላይ ቢጫ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በወጣው ላይ ግን በዚያው ቦታ ሮዝ ቀለም የተቀባ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል። በመካከል አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው።

እሳት መሆን አለበት ብዬ ክሮኒክሊንግ አሜሪካ በተባለው የጋዜጦች ስብስብ ውስጥ የመንገዱን ስም ብፈልግ አንድም ውጤት አላገኘሁም። ካርታዎቹ ዘመኑን ወደ ስድስት ዓመት ስላጠበቡልኝ ግን ጋዜጣውን ገጽ በገጽ ማገላበጥ ጀመርኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ዘጠኝ መስመር ብቻ ያላት የቃጠሎው ዜና አገኘሁ። ፍለጋው የሚካሄደው ማሽን ከገጹ ምስል ባነበበው ጽሑፍ ላይ ነው፤ ያንን ጽሑፍ ስከፍት ስሙ ያልተገኘበት ምክንያት ግልጽ ሆነ፤ የመንገዱ ስም በመስመሩ መጨረሻ ላይ በሰረዝ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ በሁለቱ ቁራጮች መካከል ደግሞ የጎረቤቱ ዓምድ የመድኃኒት ማስታወቂያ ገብቷል።

አብዛኞቹ የተቃኙ ጋዜጦች ከማይክሮፊልም (ገጾች በትንሹ ፎቶ ከተነሡበት ፊልም) የተወሰዱ ስለሆኑ የደበዘዘ ፊደልና ከጀርባው ገጽ ዘልቆ የታየ ቀለም ማሽኑን ያሳስቱታል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ላይማ ረጅሙ ኤስ (ſ) የተባለው የድሮ የኤስ ቅርጽ ብዙ ጊዜ እንደ ኤፍ (f) ይነበባል። ስለዚህ አሁን የምፈልገው የመንገዱን ስም ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱን ስም በተለያየ አጻጻፍ፣ የጎረቤቱን ሱቅና በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ጭምር እሞክራለሁ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሚያስተዳድረው ትሮቭ በተባለው የዲጂታል ስብስብ ውስጥ ባሉት የድሮ ጋዜጦች ላይ አንባቢ የተሳሳተውን ጽሑፍ መስመር በመስመር ማረም ይችላል፤ እኔም እዚያ የማገኘውን ዜና ሁሉ ሳላርም አልወጣም፣ ምክንያቱም ያረምኩት መስመር ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ፈላጊ ይገኝለታል።

ካርታም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተነበበ ያሳስታል። ሳንቦርን በቀድሞው ካርታ ላይ የማረሚያ ቁራጭ ወረቀት እየለጠፈ ያሻሽል ስለነበር፣ ርእሱ ላይ ካለው ዓመት በኋላ የተሠራ ቤት በውስጡ ሊገኝ ይችላል። ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የብሪታንያ ብሔራዊ የካርታ ሥራ ድርጅት ባወጣው ካርታ ጠርዝ ላይ የቅየሳው፣ የክለሳውና የኅትመቱ ዓመት በየፊናቸው የሚጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ካርታዎች በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ ደርቦ ያሳያል፤ ድርቡ ግን የድሮውን ወረቀት በመሳብና በማጠፍ የተገጣጠመ በመሆኑ፣ እኔ ርቀት የምለካው ከቦታቸው ካልተነቃነቁ የባቡር ድልድዮችና የቤተ ክርስቲያን ማማዎች ተነሥቼ ነው። የቤት ቁጥርም እንዲሁ ይለወጣል። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1909 የቤት ቁጥሮቿን እንደ አዲስ ስለደለደለች፣ በ1905 ጋዜጣ ላይ የታተመን አድራሻ በዛሬ ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው ፈጽሞ ሌላ ቦታ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ወደዚያች ዘጠኝ መስመር ዜና ልመለስ። ካርታው ሕንጻውን ሱቅ ብሎ ብቻ ነበር ያመለከተው። ጋዜጣው ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልብስ የሚሰፉ ሴቶች ይሠሩ እንደነበርና በአንዲት ጠባብ የእንጨት ደረጃ ተጋፍተው መውረዳቸውን ይነግረናል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የኋለኛውን ካርታ እንደገና ከፍቼ ሳጎላው፣ ከሮዙ ሕንጻ ጀርባ ቀደም ሲል ሳላስተውለው ያለፍኩት የእሳት ማምለጫ ደረጃ ምልክት አየሁ።